ቀረጥ የተከፈለበት አየር

በግዥ ሥራ ሃያ አምስት ዓመት አገልግዬ፣ በራሴ ጥያቄ ከጊዜው ቀደም ብዬ ጡረታ ስወጣ፣ ባልደረቦቼ የሸኙኝ በአንድ የመረብ ኳስ ነው። ኳሱ አልተነፋም ነበር። አጣጥፈው በትንሽ ሳጥን ከተው፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ገና ስከፍተው አዳራሹ በሳቅ ሞላ። አዲሶቹ ሠራተኞች ግን እርስ በርስ ተያዩ፤ ለአንዲት ስፖርት ሠርታ ለማታውቅ ሴት ኳስ፣ ያውም ያልተነፋ ኳስ፣ ለምን እንደሚሰጥ የነገራቸው አልነበረም። በዚያ ቀን ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ ነገር ግን በቆምኩበት ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ ተውኩት። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነርሱ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ከተመረቅሁ በኋላ መጀመሪያ የተመደብኩት ቱም በምትባል የደቡብ ምዕራብ ትንሽ ከተማ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ብዙም አልቆየም፤ ቢሮው አንድ ክፍል፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ወንበሩ ለሁለት ሰው አንድ ነበር። የምገዛው ጠመኔ፣ ምስማር፣ ላምባ፣ የመዝገብ ወረቀት ነው። ደመወዜ ለእናቴ ከምልክላት ተርፎ ለቤት ኪራይ ይበቃኛል፤ ስለዚያ ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም። ከቱም ገበያ የተማርኩት አንድ ነገር ግን ለዓመታት አልተለየኝም፤ ዋጋ ማለት ሻጩ የሚናገረው ቁጥር እንደሆነ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ትምህርቱ ስህተት ነበር። ስህተት መሆኑን ለመረዳት ወደ ሚዛን ተፈሪ መዛወር፣ በዚያም ከጋሽ ደምሴ ጋር መሥራት ነበረብኝ።

ጋሽ ደምሴ የግዥ ክፍላችን ኃላፊ ነበሩ። ሙቀቱ ሸሚዝ በሚያስወልቅበት ሰዓት እንኳ ኮታቸውን አያወልቁም። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጻሉ፤ መቅረጫ ገዝቼ ብሰጣቸው አመስግነው በመሳቢያቸው አኖሩት፣ ጡረታ ሲወጡም እንዳዲስ መለሱልኝ። የመጣ ዕቃ ሲረከቡ ወረቀቱን አያዩም። መጀመሪያ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው አንሥተው ይመዝኑታል፣ ያስቀምጡታል፣ ጥግ ጥጉን በጣታቸው ያንኳኳሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው መነጽራቸውን የሚያደርጉት። ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ግን በአንድ ጥያቄያቸው ነው።

ለቱም ትምህርት ቤት ቆርቆሮ ስንገዛ የመጀመሪያውን ትልቅ የዋጋ ማነጻጸሪያ ሠርቼ በኩራት አቀረብኩላቸው። የጅማው ነጋዴ ዋጋ ከሚዛን ተፈሪው በብዙ ይረክስ ነበር።

“ዛሬ የት ያድራል?” አሉኝ፣ ወረቀቱን ሳይነኩ።

“ምኑ ጋሼ?”

“ቆርቆሮው ነዋ። ገዛሽው እንበል። ዛሬ የት ያድራል?”

“ጅማ። ነገ ቦንጋ፣ ከነገ ወዲያ እዚህ ይገባል።”

“ቦንጋ ማን ይጠብቀዋል?”

“ሾፌሩ ይመስለኛል።”

“ይመስልሻል። እዚህስ ከደረሰ በኋላ መንገዱ በዝናብ ተዘግቶ ቱም መግባት ቢያቅተው?”

እርሳሳቸውን አንሥተው ይጽፉ ጀመር። ቦንጋ ላይ ዘበኛ፣ ሚዛን ላይ ማውረጃና መጫኛ፣ ጭቃው እስኪደርቅ የመጋዘን ኪራይ፣ የተጣመመው ቆርቆሮ ማቃኛ። እየደመሩ ሲሄዱ ርካሹ ዋጋ ውዱን አልፎት ሄደ። ጋሽ ደምሴ እርሳሳቸውን አስቀመጡና፣ “ዕቃ ባደረበት ቦታ ሁሉ የሚከፍልለት ሰው አለ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሳታውቂ አትፈርሚ፤ አለዚያ አንቺው ሆነሽ ትገኛለሽ” አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንኛውንም ዕቃ ሌሊቶች መቁጠር ልማዴ ሆነ። ለዓመታትም አንድ ጊዜ እንኳ አላሳፈረኝም። በጥንቃቄዬ እታወቅ ነበር፤ ከሸኮም ከቴፒም ግዥ ያላቸው ሰዎች እኔ እንድሠራላቸው በስሜ ይጠይቁ ነበር። የቴፒ የስፖርት ኮሚቴ ጉዳይም ወደ እኔ የመጣው እንዲሁ ነው።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊገባ የተቃረበበት ሰሞን ነው። አሰልጣኝ ዓይናለም ቴፒ ላይ የስፖርት መምህርት ነበረች፤ የሸኮ ተወላጅ፣ ረጅም፣ ስትናገር ሰውን የምታስቅ፣ ራሷ ግን ብዙም የማትስቅ ሴት። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጃገረዶች ሰብስባ መረብ ኳስ ታሠለጥናለች። መረቡን ከጆንያ ገመድ ራሷ ጠልፋዋለች፤ ምሰሶው የባሕር ዛፍ ነው። ቡድኑ በአካባቢው ማንንም ያሸንፋል፤ ሆኖም ለክልል ውድድር የሚያበቃው ማጣሪያ ሩቅ ከተማ ስለሚካሄድ፣ የጉዞ ገንዘብ አጥተው አንድም ጊዜ ተሳትፈው አያውቁም። በዚያ ዓመት ግን የክልሉ ውድድር ነሐሴ ላይ ቴፒ እንዲካሄድ ተፈቀደ። አስተናጋጅ ቡድን ያለ ማጣሪያ ይገባል። የቀረበው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነበር፤ ሜዳው በደንቡ ልክ ተሟልቶ፣ ትክክለኛው መረብና ተቀባይነት ያለው ዓይነት ኳስ ቀርቦ፣ ከውድድሩ በፊት በሚመጡ ተቆጣጣሪዎች መታየት አለበት። አለዚያ ውድድሩ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራል።

ለሌሎቹ ልጆች ይህ ካልሆነ በሚቀጥለው ዓመት የሚሞከር ነገር ነበር። ለአምበሏ ለታሪኳ ግን አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ዕድሜዋ ለውድድሩ ከተፈቀደው ያልፋል። ክለቦች ተጫዋች የሚመርጡት ከዚህ ውድድር ነው፤ ክለብ የገባች ልጅ ደመወዝ አላት፣ ከተማ ትኖራለች፣ ትማራለች። ዓይናለም ቢሮዬ መጥታ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። “እትዬ ሙሉ፣ እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ የሚያየኝ አጥቼ ቀርቻለሁ። እሷን ግን የሚያያት ሰው እዚሁ ደጃችን ድረስ እየመጣ ነው” አለችኝ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሐጂ ከማል ነበሩ፤ ከጅማ አካባቢ መጥተው ቴፒ የከበሩ የቡና ነጋዴ። ስብሰባው የተደረገው በቡና መጋዘናቸው፣ በጆንያ ክምር መካከል ነው። ጋሽ ደምሴም በእኔ ልመና ከሚዛን አብረውኝ መጥተዋል። ደንቡ የሚጠይቀው ዓይነት ኳስ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ሲገኝ ወይ አስመስሎ የተሠራ ነው፣ ወይ ዋጋው የማይቀመስ ነው። አንድ አስመጪ ግን በራሱ ፈቃድ ኳሱንም መረቡንም በቀጥታ ከውጭ ሊያስመጣልን ተስማምቶ፣ የአምራቹን ዋጋ ልኮልናል። ዋጋው ሲነበብ ሁሉም ተደሰተ። ሐጂ እንዲያውም፣ “እንዲህ ከረከሰማ ለየትምህርት ቤቱም እንግዛ” ብለው የኳሱን ብዛት መቶ ሃያ አደረሱት። ጊዜ ስለሌለ በመርከብ ሳይሆን በአውሮፕላን እንዲመጣ ተወሰነ።

በዚህ ጊዜ ዓይናለም እጇን አወጣች።

“ባለፈው ያመጣነውን ታስታውሳላችሁ” አለች። “ተጣጥፎ ነው የመጣው። ስንነፋው አንዱ ዕንቁላል ሆነ፣ አንዱ ዱባ ሆነ። ታሪኳ ሰርቭ ስትመታው ወደ መረቡ ሄዶ፣ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ሐጂ ሱቅ ዞረ።”

“ሦስት ብርጭቆ ሰብሮብኛል” አሉ ሐጂ።

“ስለዚህ በዓይናችን ክብ መሆኑን ሳናይ አንቀበል ነው የምለው።”

“ልክ ናት። እኔ ናሙና ሳላይ ከገበሬ አንድ ኪሎ ቡና አልገዛም። በጥርሴ ነክሼ ነው የማየው፤ እርጥብ ከሆነ ወላሂ አንድ ሳንቲም አልጨምርም። ውኃ ልገዛ ነው እንዴ?”

“ታዲያ ሐጂ ኳሱን ሊነክሱት ነው?” አለ አንዱ።

“አልነክሰውም። ተነፍቶ ይምጣ። እዚያው ፋብሪካው ይንፋው፣ ክብ ያልሆነውን እዚያው ያስቀረው። እኛ ጋ የሚደርሰው የተፈተሸ ይሁን።”

ሁሉም ተስማማ። እኔ ጋሽ ደምሴን አየኋቸው፤ እርሳቸውም ራሳቸውን በመስማማት ነቀነቁ። ሐሳቡ ጥንቁቅ ሐሳብ ነበር። ከዚያ እንደ ልማዳቸው፣ “የት ያድራል?” ብለው ጀመሩ፤ ከፋብሪካው እስከ አውሮፕላን ጣቢያ፣ ከአዲስ አበባ ጉምሩክ እስከ ጅማ፣ ከጅማ እስከ ቴፒ ሌሊቱን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጠርን። በየማደሪያው የሚከፈለውን ጻፍኩ። ቀረጡን አሰላሁ፣ በላዩ የሚመጣውን ታክስ አሰላሁ። የአንድ ኳስ ክብደት በደንቡ የታወቀ ስለሆነ ማጓጓዣውን በክብደት ገመትኩ፤ መቶ ሃያ ኳስ ተደምሮ አንድ ጎረምሳ በትከሻው የሚሸከመው ነው። ለማይታወቅ ወጪ ደግሞ መጠባበቂያ ጨመርኩ። ኮሚቴው ስፖርትን የሚመለከት ስለሆነ ከቀረጥ ነፃ እንሆናለን ያለም ነበር፤ የድጋፍ ደብዳቤ አጻፍን፤ እኔ ግን አይሆንም ብዬ ቀረጡን ሙሉ በሙሉ ያዝኩ። ከዚያም በትእዛዙ ላይ፣ “ኳሶቹ ሁሉ በሙሉ ልካቸው ተነፍተው፣ ክብነታቸው ተረጋግጦ ይላኩ” የሚል ዓረፍተ ነገር አሰፈርኩ። ሐጂ ሲነበብላቸው፣ “ይኼ ነው ጽሑፍ” አሉ።

ዕቃው አዲስ አበባ መድረሱ ሲነገረን ለተቆጣጣሪዎቹ መምጫ ገና በቂ ጊዜ ነበረን። ከዓይናለም ጋር ጅማ አድረን አዲስ አበባ ገባን። ዓይናለም በመንገዱ ሁሉ ስለ ሜዳው አወራች፤ ሕዝቡ በቡና መኮትኮቻ ሳይቀር ደልድሎት፣ የብረት ምሰሶ ተተክሎ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣልን የአስመጪው ትራንዚተር ወጣት፣ ፈጣንና ጨዋ ሰው ነበር። በጉምሩክ መጋዘን በር ላይ አገኘንና የክፍያውን ዝርዝር ሰጠኝ።

አነበብኩት። እንደገና አነበብኩት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ስህተት ያለበት ወረቀት አይቻለሁ፤ ስለዚህ መጀመሪያ የታየኝ የሌላ ሰው ዝርዝር እንደተሰጠኝ ነው። የማጓጓዣው ሒሳብ ብቻ ከኳሶቹ ዋጋ በልጦ ነበር። ጠቅላላው ድምር ይዘን ከመጣነው ገንዘብ ጋር የሚቀራረብ አልነበረም።

“የተመዘነው ተሳስቷል” አልኩት። “የአንዱ ኳስ ክብደት ይታወቃል።”

“ክብደቱ ልክ ነው እህቴ፤ እኔም አረጋግጫለሁ። ግን አውሮፕላን በክብደት ብቻ አያስከፍልም። የያዘብኝ ቦታ ስንት ነው ይላል፤ ከክብደቱና ከቦታው የሚበልጠውን ይዞ ያስከፍላል። ኑ፣ እዩት።”

ወደ ውስጥ አስገባን። ካርቶኖቹ ተደርድረው ግድግዳ ሠርተዋል። ከጎናቸው የሌላ ሰው የመኪና ሞተር በአንዲት ጠባብ ሳጥን ተቀምጧል። ዓይናለም ከካርቶኖቹ አንዱን በአንድ እጇ አነሣችው፤ እንደ ባዶ ቅርጫት ብድግ አለ። መልሳ አስቀመጠችውና ዞራ አየችኝ።

“አንድ ነገር ልጠይቃችሁ” አለ ትራንዚተሩ። “ይኼን ሁሉ ኳስ ማን ነፋው?”

ወደ ካርቶኖቹ ጠቆመ።

“ኳስ እኮ አየሩ ወጥቶ፣ ተጣጥፎ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ነው የሚመጣው። እዚህ ስሠራ ተነፍቶ የመጣ ኳስ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጓደኞቼን ጠርቼ አሳይቻቸዋለሁ።”

“እኛ ነን ያዘዝነው” አለች ዓይናለም። “ክብ መሆኑን ለማየት ብለን።”

ሰውየው አልሳቀም። ስለዚያ እስካሁን አመሰግነዋለሁ። ይልቁንም ቀስ ብሎ የቀረውን አስረዳኝ። ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ተደምሮበት ነው። ይህንንስ አውቀው ነበር፤ ነገር ግን እኔ የደመርኩት ማጓጓዣ የአንድ ጎረምሳ ሸክም ነበር። አሁን ማጓጓዣው ሲያብጥ ቀረጡ አበጠ፤ በዕቃው፣ በማጓጓዣውና በቀረጡ ድምር ላይ የተጨማሪ እሴት ታክስ መጣ፤ በዚያ ሁሉ ላይ ደግሞ ሱር ታክስ የሚባል ሌላ ግብር። የመጋዘን ኪራዩም በቦታ ነው የሚቆጠረው። በኳሱ ውስጥ ያለው ነፋስ እንደ ሸቀጥ ተለክቶ፣ ቀረጥ ተጥሎበት፣ በቀረጡም ላይ ሌላ ታክስ ተጥሎበት ነበር። በሙያዬ የተማርኩት እያንዳንዱ የሒሳብ ደረጃ ትክክል መሆኑ ነው ያደነዘዘኝ። የምከራከርበት አንድም መስመር አላገኘሁም።

“አሁን እናስተንፍሰውና ካርቶኑን እንቀንስስ?” አለች ዓይናለም።

“ቢያስተነፍሱትም የበረረው በርሯል።”

“መረቡን ብቻ እናውጣ?”

“ሁሉም በአንድ የጭነት ሰነድ ነው የመጣው። የኛ ዕቃ እንዲህ ተከፋፍሎ አይወጣልንም።”

የድጋፍ ደብዳቤውን ይዤ የሚመለከታቸው ኃላፊ ዘንድ ገባሁ። ሰውየው ደብዳቤውን በትሕትና አንብበው፣ “በጣም ያምራል፤ ቀረጥ የሚያስቀር ግን አይደለም” ብለው መለሱልኝ። ስወጣ ዓይናለም ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ከፊቴ ስላነበበች አልጠየቀችኝም። ያን ሰዓት በእጄ ይዤው የነበረውን ቦርሳ መቼ እንዳስቀመጥኩት አላውቅም፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው ተከትሎ ያመጣልኝ።

ለጋሽ ደምሴ ስልክ ደወልኩላቸው። ነገሩን በሙሉ ሰሙኝ። ከዚያ ወረቀት ሲያገላብጡ ሰማሁ።

“ጋሼ?”

“አለሁ። ሙሉ፣ ሌሊቱን ሁሉ ቆጥረንለታል” አሉ። “ምን ያህል ቦታ ይዞ እንደሚያድር ግን አንዱም ሌሊት ላይ አልጠየቅሁም።”

ቴፒ ስንመለስ ኮሚቴው በዚያው መጋዘን ተሰበሰበ። መጋዘኑ ግን ባዶ ነበር፤ ክረምት ነው፣ ያለፈው ቡና ተሽጧል፣ አዲሱ ገና በዛፉ ላይ ነው። የቡና ነጋዴ በክረምት ጥሬ ገንዘብ የለውም፤ ያለውን ለገበሬው አበድሮ የቡና ለቀማ ይጠብቃል። ዝርዝሩን አንብቤ ስጨርስ ሐጂ ከማል መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት።

“እኔ” አሉ፣ “በቡና ውስጥ ያለ ውኃ አልገዛም ብዬ ስጨቃጨቅ ጸጉሬ የሸበተ ሰው ነኝ። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል? ሐጂ ነፋስ አስመጣ?”

ማንም አልሳቀም። ያላቸውን አዋጡ፤ አልደረሰም። መበደርም ሞከሩ፤ ሁሉም እንደ እነርሱ ለቀማ የሚጠብቅ ሰው ነው። እኔም የራሴን ቁጠባ ጨመርኩ፤ እሱም አልሞላውም። በዚያ መካከል የመጋዘኑ ኪራይ በየቀኑ ይጨምር ነበር።

ተቆጣጣሪዎቹ ሁለት ነበሩ። ሜዳውን አዩ፣ መስመሩን ለኩ፣ ምሰሶውን በእጃቸው ገፉት፤ አልተነቃነቀም። አንደኛው፣ “ከዚህ የተሻለ ሜዳ አላየንም” አለ።

“መረቡስ?” አለ ሁለተኛው።

ከሚዛን የተዋስነውን ዘረጋን። አጭር ነበር፤ ጫፉ ከምሰሶው ሳይደርስ ቀረ።

“የተገዛው ጉምሩክ ነው” አለች ዓይናለም።

“ኳሱስ?”

“እሱም።”

ልጆቹ ከሜዳው ዳር ተሰልፈው ቆመው ነበር፤ ለእንግዶቹ ክብር ብለው አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሰዋል። ሰውየው ወደ እነርሱ አየ፣ ከዚያ ወደ መሬት አየ። ሰውየው ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። “ደንብ ሆኖብን ነው” ብሎ የዓይናለምን እጅ ጨበጠና ሄዱ። ውድድሩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። የቴፒ ልጃገረዶች አስተናጋጅ አልሆኑምና ሳይገቡ ቀሩ። በዚያ ዓመት ነሐሴ ክለቦቹ ተጫዋች የመረጡት ከሌሎች ልጆች መካከል ነው።

ጋሽ ደምሴ ስለዚህ ጉዳይ ማንንም አልወቀሱም፤ ራሳቸውንም በሰው ፊት አልወቀሱም። ነገር ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለጤና ጣቢያዎች የፕላስቲክ የውኃ ታንከር ስንገዛ፣ “የት ያድራል?” ካሉ በኋላ እርሳሳቸውን እንደያዙ ቀሩ። “ባዶውስ ስንት ነው?” አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለተኛው ጥያቄያቸው ይህ ሆነ። ታንከሩን ትንሹን በትልቁ ሆድ ውስጥ ከተን በአንድ መኪና አመጣን። ባልዲ ተደራርቦ እንዲጫን፣ የተማሪ ወንበር እግሩ ተፈትቶ እንዲመጣ፣ ቁም ሣጥን በሳንቃ መልክ ተገዝቶ እዚሁ እንዲገጠም አደረግን። እኔም በኋላ ክፍሉን ስረከብ የአንድ ዕቃ የውጭ ካርቶን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት ሳይጻፍ አልፈርምም አልኩ። አንዳንዶች ግትር አሉኝ። በእነዚያ ዓመታት የዳነው ገንዘብ ብዙ ነው፤ ግን አንዱም ለታሪኳ አልደረሰም።

ለቀማው አልቆ ቡናው ሲሸጥ፣ ሐጂ ከማልና ሌሎቹ ነጋዴዎች ቃላቸውን ጠብቀው የጎደለውን ሁሉ ከፈሉ። “የጀመርነውን ነፋስ እንጨርሰው” ነው ያሉት። ከዓይናለም ጋር እንደገና አዲስ አበባ ሄድን፣ ዕቃው ተለቀቀልን፤ በሁለት ጋሪ አስጭነን አውቶቡስ ተራ ደረስን። የአውቶቡሱ ረዳት ካርቶኖቹን ከእግር እስከ ራስ ቃኘ።

“እናቴ፣ ይኼ ጣሪያውን በሙሉ ይይዛል። የሌላውን ሰው ዕቃ የት ላድርገው?”

“ቀላል ነው እኮ” አልኩት። “አንሣውና እየው።”

“ቀላል መሆኑን አየሁ። ቦታ ነው የምሸጠው እንጂ ክብደት አይደለም።”

ዓይናለም ካርቶኖቹን ከጋሪው አወረደቻቸው። ከዚያ ከአንድ ሻጭ ሁለት ባዶ የቡና ጆንያ ገዛች፣ የጋዜጣ ወረቀት አንጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ከቦርሳዋ የኳስ መንፊያ መርፌ አወጣች። የመጀመሪያውን ካርቶን ከፍታ አንዱን ኳስ በጉልበቶቿ መካከል አድርጋ መርፌውን ወጋችበት። አየሩ እስስ እያለ ወጣ። ጨምቃ አጠፈችውና ጆንያው ውስጥ ጣለችው። ሁለተኛውን አነሣች።

ትርፍ መርፌ ነበራት፤ ጠየቅኋትና ሰጠችኝ። ከጎኗ ተቀመጥኩ። እኔ መንገድ ዳር መሬት ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ሰው ከበበን።

“ምን እየሠራችሁ ነው?” አለች አንዲት የሎሚ ሻጭ።

“ከውጭ ያስመጣነውን አየር ለአዲስ አበባ እየሰጠን ነው” አለች ዓይናለም፣ ቀና ሳትል። “ቀረጡ ተከፍሎበታል፤ ተንፍሺው።”

ሰዉ ሳቀ። እኔ በእያንዳንዱ ኳስ ላይ እጄን አድርጌ ሲለሰልስ ይሰማኝ ነበር። ቀዝቃዛ ነፋስ ነው፤ አንዳች የሚሸት ነገር እንኳ የለውም። ሐጂ ይህን ባለማየታቸው ደስ አለኝ። መቶ ሃያው ኳስ በሁለት ጆንያ ገባ፤ ረዳቱ ሁለቱንም ለብቻው ጣሪያ ላይ ወረወራቸው።

ቴፒ ስንገባ ልጆቹ ሜዳው ላይ ጠበቁን። ታሪኳም ነበረች። ትምህርቷን ጨርሳ ከእናቷ ጋር ገበያ መዋል ጀምራለች፤ ወደ ሜዳው የመጣችው ከገበያ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ እንዳሰረች ነው። አዲሱ መረብ ተወጠረ፤ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ልክ ሆነ። ጆንያዎቹ ሲዘረገፉ ታሪኳ ከኳሶቹ አንዱን አንሥታ እንደ ደረቀ ቅጠል አገላበጠችው።

“ተነፍቶ ነው የሚመጣው አላላችሁም ነበር?”

ዓይናለም መንፊያውን ለማውጣት ወደ ቦርሳዋ ጎነበሰች። ስለዚህ እኔ ነገርኳት፤ ተነፍቶ መምጣቱን፣ ገንዘቡም ጊዜውም በዚያ ማለቁን፣ ለመጫን ብለን ማስተንፈሳችንን። አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኳት። ታሪኳ እስከ መጨረሻ አዳመጠችኝ። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ነገሩን ለመረዳት የሚሞክር ሰው ፊት ነበር።

“እትዬ” አለችኝ፣ “እኛ ለመንፋት እጅ አጥተን ነው?”

 

ታሪኳ መንፊያውን ከዓይናለም ተቀብላ፣ በአንድ እግሯ ረግጣ፣ ኳሱን ነፋችው። ስትጨርስ በጣቷ ጫፍ አሽከረከረችውና ለትንሿ ልጅ ወረወረችላት። ሌላ አነሣች። መንፊያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ አንዷ ሲደክማት ሌላዋ ትቀበላለች። እኔም ተራዬ ደርሶ አንድ ነፋሁ፤ ክንዴን አመመኝ። የተነፋው ሁሉ እየተሽከረከረ፣ እየታየ፣ ሣሩ ላይ ተደረደረ፤ ሐጂ ከማል ከሱቃቸው ወጥተው በመካከሉ እየተዘዋወሩ አንድ በአንድ እያንኳኩ አዩት።

መቶ ሃያዎቹም ክብ ነበሩ። አንድም ዕንቁላል አልወጣም።